ሃያ ሣጥን ለሰባት ፊደል

«ይኼ እኮ የእርስዎ ስም አይደለም!»

እንዲህ የተባለው አባቴ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ የባንክ መስኮት ፊት ቆመን። የአያቴ ሙት ዓመት ደርሶ ስለነበር አሜሪካ የሚኖሩት የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ እኛ «ጋሼ» የምንላቸው፣ ለድግሱ የሚሆን ገንዘብ ልከዋል። አባዬ ይህንኑ ሊቀበል ከደብረ ብርሃን በጠዋት ተነሥቶ መጥቷል። መታወቂያውን አወጣ፤ የምስጢር ቁጥሩን ሰጠ። ገንዘብ ከፋይዋ ኮምፒውተሯን አየች፣ መታወቂያውን አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሯን አየች። መታወቂያው ላይ የአያቴ ስም በላቲን ፊደል ከነሙሉው ተጽፏል። ኮምፒውተሯ ላይ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት የሉም፤ መሐል ላይ ያለችውም አንዲት ፊደል ሌላ ናት። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ መመሪያው አይፈቅድልኝም ነው ያለችን። አባዬም አልተቆጣም። ካፖርቱን እየቆለፈ «የአባቴን ስም ካልሆነ የማንን ልጥራላት?» ብቻ አለ።

ገንዘቡ የተገኘው ከስድስት ቀን በኋላ ነው፤ ጋሼ እዚያ ስሙን አሳርመው። ሙት ዓመት ደግሞ ባንክ እስኪስማማ አይጠብቅም። አባዬ ከጎረቤት ተበድሮ ድግሱን አወጣው። የአያቴ የዓለም ስሙም የክርስትና ስሙም አንድ ነው፤ ከሎሬት ጸጋዬ አባት ስም ጋር ሞክሼ ነው፦ ገብረ መድኅን። ቄሱ ስሙን ከነሙሉው ሲጠሩ አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። እኔ ግን የባንኩ መስኮት ትዝ እንዳለው ገባኝ።

አንደኛ ዓመት ላይ የዜና አጻጻፍ ስንጀምር መጀመሪያ የተነገረን ነገር የሰው ስም አጥርቶ ስለ መጻፍ ነበር። ስም የሳተ ዜና ሌላው ሁሉ ልክ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ዘንድ ውሸት ነው ተብለናል። እኛ ስም ስንስት ነጥብ ይቀነስብናል፤ ማሽን ሲስት ማን ይቀንስበታል? በዚህ ንዴት አንድ የተቃውሞ ጽሑፍ ልጽፍ ተነሣሁ። ለጽሑፉ ምንጭ ያስፈልገኝ ነበርና ለጋሼ ደወልኩ።

ጋሼን የመረጥኩት ገንዘቡን ስለላኩ ብቻ አይደለም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የአሜሪካ የመድን ድርጅት ውስጥ የሜይንፍሬም ፕሮግራመር ነበሩ። ሜይንፍሬም ጠረጴዛችን ላይ እንደምናውቀው ኮምፒውተር አይደለም። የባንክ ሒሳብ፣ የመድን ውል፣ የመንግሥት መዝገብ በሚሊዮን እየቆጠረ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ትልቅ ማሽን ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞቹ የተጻፉት ኮቦል በሚባል ቋንቋ ነው። ኮቦል የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ከአባዬ ይበልጣል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ስማችን ለምን በራሳችን ፊደል አይጻፍም? ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር እኮ!» አልኳቸው።

ሳቁ። «እሱንማ ሞክሬዋለሁ» አሉኝ። «ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ።»

ነገሩን ከሥሩ ጀመሩልኝ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥ ሠንጠረዥ አለ፤ ጸሐፊውና አንባቢው ያንኑ ሠንጠረዥ ካልያዙ አይግባቡም። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ በሱ የላቲኑ ኤ 65 ነው። በዓመቱ፣ በ1964፣ አይቢኤም ሲስተም 360 የተባሉትን ማሽኖች ሲያስተዋውቅ ኤብሲዲክ የሚባል ሌላ ሠንጠረዥ ይዞ መጣ። በዚህኛው ያው ኤ 193 ነው። ደግሞ ፊደሎቹ ተከታትለው አይሄዱም፤ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኙ ከ193 እስከ 201፣ ቀጣዮቹ ዘጠኙ ከ209 እስከ 217፣ የቀሩት ስምንቱ ከ226 እስከ 233 ናቸው። ይህ አቀማመጥ በቀዳዳ ካርድ ይሠራ ከነበረበት ዘመን የተወረሰ ነው። ዛሬም የአይቢኤም ሜይንፍሬሞች ብዙውን የቆየ መረጃ የያዙት በዚሁ በኤብሲዲክ ነው።

«ቀልድ ልንገርሽ?» አሉኝ ጋሼ። «በኤብሲዲክ አኃዞች ከፊደል በኋላ ናቸው፤ በአስኪ ከፊደል በፊት ናቸው። ያንኑ የስም ዝርዝር ሁለት ማሽን ላይ በተራ አስቀምጡ ብትያቸው ሁለት ዓይነት ተራ ያወጡልሻል። ሁለቱም ልክ ነን ይላሉ!»

በሁለቱም ሠንጠረዥ ውስጥ እኛ የለንም። የኛ ፊደል 33 ቤት በ7 ሲባዛ ብቻውን 231 ነው፤ ዲቃሎቹን፣ የግእዝ አኃዞቹንና ነጥቦቹን ሲጨምሩበት ከ256 ያልፋል። የአገራችን ሰዎች ኮምፒውተር በአማርኛ መጻፍ ሲጀምሩ መላ የፈጠሩት ፊደላችንን የላቲን ፊደላት ወንበር ላይ በማስቀመጥ ነበር። ማሽኑ ላቲን የጻፈ ይመስለዋል፤ ዓይን የሚያየው ግን «ሀ»ን ነው። አንድ ፎንት ሁሉን አልችል ስለሚል አንዳንዱ ለሁለት ይከፈል ነበር። እያንዳንዱ ሠሪ ደግሞ የራሱን አቀማመጥ ተከተለ። ለዚህ ነው የድሮ የአማርኛ ፋይል ያለ ፎንቱ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘራበት ማሳ የሚመስለው። ብልኃት ነበር፤ ሰውን አስነብቧል፣ ጋዜጣ አሳትሟል። መዝገብ ግን አይሆንም።

ከዚያ ዩኒኮድ መጣ። ዩኒኮድ ለዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ልሥራ ብሎ የተነሣ ነው። የኛ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። በዚህ ሠንጠረዥ «ሀ» 4608 ናት፤ «ለ» 4616። በማንም ስልክ፣ በማንም ባንክ፣ በማንም አገር ያቺው ናት። በ2005 እና በ2010 የጎደሉት ተጨመሩ፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉ ፊደላት ገቡ።

«እና አለቀ በሉኛ!» አልኳቸው።

«ሃያ ሣጥን ሳይልኝ» አሉኝ። «በአንድ መስመር።»

ሣልኩ።

«ይኼ የደንበኛ ስም ማስቀመጫ ነው። ኮቦል ውስጥ ፒክ ኤክስ 20 እንለዋለን። አንድ ሣጥን አንድ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል። በላቲን አንድ ፊደል አንድ ሣጥን ነው፤ ሃያ ፊደል ይበቃል ተባለ። በቃ። ይህን የወሰነው ሰው ምናልባት እኔ ሳልወለድ የሞተ ነው።» ሲቀልዱ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዩኒኮድ ለፊደሉ ቁጥር ይሰጣል እንጂ 4608 የሚባል ቁጥር አንድ ሣጥን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ቁጥሩን ለብዙ ሣጥን የሚያከፋፍሉ ስልቶች አሉ። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ስልት ለእንግሊዝኛ የሚበቁት የላቲን ፊደላት አንድ ሣጥን ይወስዳሉ። ዋናዎቹ የኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሦስት ይወስዳሉ።

«አሁን የአያትሽን ስም ሳታለያይ ጻፊው። ለያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ሣጥን።»

ገ፣ ብ፣ ረ፣ መ፣ ድ፣ ኅ። አሥራ ስምንት ሣጥን ሞላ። ሁለት ቀረ። «ን» ሦስት ትፈልጋለች። ሁለት ሦስተኛዋ ገባ፤ አንድ ሦስተኛዋ ውጭ ቀረ። ሰባት ፊደል ሃያ ቦታ ላይ አልገባ አለ! ወረቀቱን አይቼ ዝም አልኩ።

«ኮቦል ምን የሚል ይመስልሻል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ምንም አይልም። ረጅሙን ነገር ወደ አጭር ማስቀመጫ ውሰድ ስትይው የተረፈውን ከቀኝ በኩል ቆርጦ ይጥላል። ስሕተት ነው ብሎ አይጮኽም። የተቆረጠችው "ን" ደግሞ ፊደልም አይደለችም፣ ባዶም አይደለችም። የሚያነባት ፕሮግራም ወይ የጥያቄ ምልክት ያሳያል፣ ወይ ይኼ የተበላሸ መረጃ ነው ብሎ መዝገቡን በሙሉ ይመልሳል። እና እይው፣ መድን ድርጅት ውስጥ መድኅን አልገባ አለ!»

ጋሼ ይህን ያዩት በሥራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ድርጅታቸው የደንበኞችን ስም ወደ ዩኒኮድ ለማዛወር ተነሣ። ምክንያቱ እኛ አልነበርንም፤ በስሞቻቸው ፊደል ላይ ምልክት የሚያደርጉ የስፓኝና የቬትናም ስም ያላቸው ደንበኞች ነበሩ። በስፓኝ ስም ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ሁለት ሣጥን ቢወስድ ስሙ የሚረዝመው በአንድ ሁለት ሣጥን ነው። ስለዚህ ማስቀመጫውን ትንሽ ማስፋት ይበቃል የሚል ሐሳብ ነበር። ጋሼ ለሙከራ የአባታቸውን ስም አስገቡ። ተቆረጠ። ውጤቱን አትመው ስብሰባ ላይ አቀረቡት። አንዱ ኃላፊ «እንዲህ ባለ ጽሕፈት የሚጽፉ ስንት ደንበኞች አሉን?» አለ አሉኝ። ጋሼም «አንድ። እኔ» ብለው መለሱ።

ማስቀመጫው በሦስት እጥፍ ሰፋ። ሥራው ግን ማስፋት ብቻ አልነበረም። በሜይንፍሬም ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ መዝገብ ርዝመቱ የተወሰነ ነው፤ ስም ከዚህ ቦታ እስከዚህ፣ የትውልድ ቀን ከዚያ ቀጥሎ ነው። ስሙ ሲሰፋ የትውልድ ቀኑ ይገፋል። ያንን ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም ሁሉ አዲሱን ቦታ ማወቅ አለበት፤ ያልተነገረው አንድ ፕሮግራም ቢቀር የሰውን ስም ጭራ የልደት ቀን ነው ብሎ ያነበዋል። ጋሼና ባልደረቦቻቸው ከሁሉ በላይ የደከሙት ፕሮግራም በማረም አይደለም፤ ፋይሉን የሚያነበው ማን ማን እንደሆነ በመፈለግ ነው። የጻፉት ሰዎች ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹም ሞተዋል።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። ስም ከማስቀመጫው ሲያጥር ኮቦል የተረፈውን ሣጥን በባዶ ቦታ ይሞላዋል። የኤብሲዲክ ባዶ ቦታ ቁጥሩ 64 ነው። በአስኪና በዩቲኤፍ 8 ግን 64 ማለት ኢሜይል አድራሻ መሐል የምትገባው ምልክት ናት። «አበበ» ዘጠኝ ሣጥን ይወስዳል። የቀሩት አሥራ አንዱ በኤብሲዲክ ባዶ ከተሞሉ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ማሽን አበበን አሥራ አንድ የኢሜይል ምልክት አስከትሎ ያትመዋል። እኔ ሳቅኩ። ጋሼ አልሳቁም። «ደብዳቤው ለደንበኛ ቤት ደርሶ ነበር» አሉኝ።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የመጨረሻው ነው። ከዩኒኮድ ወደ ኤብሲዲክ ስም ሲመለስ፣ ኤብሲዲክ የማያውቀው ፊደል ሁሉ በአንድ ምትክ ምልክት ይለወጣል። የምልክቱ ቁጥር 63 ነው። ይኸው 63 በአስኪ የጥያቄ ምልክት መሆኑ የቁጥር አጋጣሚ ነው፤ ግን አያስገርምም? ሰባት ፊደል ሰባት ምትክ ይሆናል። «ከበደ»ም ሦስት ምትክ፣ «አበበ»ም ሦስት ምትክ። ከዚያ ወዲያ የቱ ከበደ የቱ አበበ እንደነበረ ማሽኑም አያውቅ፣ ፕሮግራመሩም አያውቅ። የተቆረጠ ስም ግማሹ ይነበባል፤ የተተካ ስም ግን አይመለስም። ዋናው ቅጂ ሌላ ቦታ ከሌለ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ የጋሼ ሕግ አንድ ነው፦ መረጃው በዩኒኮድ ይቀመጥ፣ መለወጥ ካለበት በር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይለወጥ፣ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደተጻፈም አብሮ ይመዝገብ።

መሣሪያው ዛሬ አለ። የአይቢኤም የሜይንፍሬም ኮቦል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ዩኒኮድን በሁለት ሁለት ባይት የሚይዝ፣ ፒክ ኤን የሚባል ማስቀመጫ አለው። በዚያ የአያቴ ስም 14 ባይት ነው፤ ሲቆረጥም በሙሉ ፊደል ነው የሚቆረጠው፣ ፊደሉ ለሁለት አይሰነጠቅም። በ2019 በወጣው 6.3 እትም ደግሞ ዩቲኤፍ 8ን በፊደል ቆጥሮ የሚይዝ ፒክ ዩ መጣ፤ ለያንዳንዱ ፊደል አራት ባይት አስቀድሞ ይይዛል። አራት መሆኑ ደግ ነው፤ በ2021 የገቡት የጉራጊኛ ፊደላት አራት ባይት የሚወስዱ ናቸውና። ማሽኑ ይችላል፤ ማስቀመጫው እንዲሰፋ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው። አባዬ ላይ የደረሰው በላቲን ፊደል ቢሆንም ነገሩ ያው ነው፤ የኛን ስም ያላሰበ ሰው የለካው ሣጥን።

ጽሑፌን እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። ማሽን ጥፋተኛ፣ እኛ ተበዳይ፤ ጥሩ መደምደሚያ። ረቂቁን ይዤ ደብረ ብርሃን ሄድኩና ለአባዬ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሎ አየውና ተነሥቶ ጓዳ ገባ። የአያቴን ዳዊት ይዞ ተመለሰ። የመጀመሪያው ቅጠል ላይ አያቴ በገዛ እጁ፣ በቀይ ቀለም ስሙን ጽፏል። አባዬ ጣቱን «ኅ» ላይ አሳረፈ። ከዚያ የኔ ረቂቅ ላይ ያንኑ ቦታ አሳየኝ። እኔ የጻፍኩት «ገብረመድህን» ብዬ ነበር።

ልጽፍ ብዬ አይደለም፤ «ህ» ስልኬ ላይ ትቀርበኛለች። የዩኒቨርሲቲ መታወቂያዬ ላይም በ«ህ» ነው። አባዬ በ«ኅ» ይጽፋል። ታናሽ ወንድሜን ጠየቅኩት፤ እሱ በ«ሕ» ነው የሚጽፈው፣ ትምህርት ቤት እንዲህ ብለው ሰጡኝ አለ። ለጆሯችን ሦስቱም አንድ ናቸው። በዩኒኮድ ግን «ህ» 4613፣ «ሕ» 4629፣ «ኅ» 4741 ናቸው። ነገ የባንኩ ማሽን በሙሉ አማርኛ ቢያነብ፣ ሣጥኑም ሃያ ሳይሆን ሁለት መቶ ቢሆን፣ የአንድ አያት ሦስት ልጆች መስኮቱ ፊት ቀርበን «ይኼ እኮ የእርስዎ ስም አይደለም» ልንባል ነው። ማሽኑም አይሳሳትም። ሦስት የተለያየ ስም የሰጠነው እኛ ነን።

ዩኒኮድ ለፊደላችን ሁሉ ቦታ ሰጠ፤ ሞክሼዎቹን ሳይቀር። የትኛውን ፊደል እንደምንጽፍ ግን አልወሰነልንም፣ ሊወስንልንም አይገባም። የሎሬቱን ስም እንኳ አንዱ በ«ጸ»፣ አንዱ በ«ፀ»፣ አንዱ በ«ኅ»፣ አንዱ በ«ህ» ያትመዋል። ነገ አንድ ተማሪ በኮምፒውተር ስለሳቸው የተጻፈውን ሲፈልግ አንዱን ብቻ ያገኛል፤ ሌላው የተጻፈ መሆኑንም አያውቅ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን፤ ከወጣ በኋላ የሚጠብቀው ግን ሰው ነው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሣጥን አናሰፋም፤ ኮቦልም አንጽፍ። አንድ ነገር ግን እንችላለን። እኔ ከዚያ ወዲህ ቃለ መጠይቅ ስጀምር ማስታወሻ ደብተሬን ለባለታሪኩ አቀብላለሁ፤ «እባክዎ ስምዎን ራስዎ ይጻፉልኝ» እላለሁ። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ «በየትኛው ሀ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል። አንዲት እናት ግን «ይኼን የጠየቀኝ የለም» ብለው ቀና አሉ።

ይህን ጽሑፍ ለቡለቲኑ ከማስገባቴ በፊት ለአባዬ ላክሁለት። ስልኩን ይዞ ቀስ እያለ አነበበው መሰለኝ፤ ቆይቶ ደወለ። ስለ ሜይንፍሬሙም፣ ስለ ሣጥኑም ምንም አልጠየቀኝም።

«አዎ» አለኝ። «ይኼኛው አባቴ ነው።»